የሙያ ዝርዝሩ በየጊዜው እየተለወጠ የካናዳን የባለሙያ ቪዛ እንዴት ማቀድ ይቻላል?

አባይማዶ (ባሕር ዳር)፣ ነሐሴ 18 ቀን 2017 ዓ.ም

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች። ዕድሜዬ 31 ሲሆን ከፖሊ ከተመረቅሁ ጀምሮ እዚሁ ባሕር ዳር በሶፍትዌር ሥራ ላይ እገኛለሁ። ባለትዳርና የአንድ ልጅ አባት ነኝ፤ ባለቤቴ 28 ዓመቷ ሲሆን በከተማው ካሉት የመንግሥት ሆስፒታሎች በአንዱ በነርስነት ታገለግላለች።

ካናዳ ግንቦት 23 ቀን 2015 ዓ.ም በኤክስፕረስ ኢንትሪ (ባለሙያዎችን በነጥብ አወዳድሮ ለቋሚ ነዋሪነት በሚጋብዘው ሥርዓት) የሚያመለክቱ ሰዎችን በሙያ ዘርፍ እየለየች መጋበዝ እንደምትጀምር ስታስታውቅ፣ በሳይንስ፣ በቴክኖሎጂ፣ በምህንድስናና በሒሳብ ዘርፍ ሥር የሶፍትዌር ባለሙያዎች ተጠቅሰው ስለነበር ዕቅዴን ሙሉ በሙሉ በዚያ ላይ መሠረትሁ። ከዚያ በኋላ በክልላችን የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በመቆየቱ የዲግሪ ግምገማውም ሆነ የእንግሊዝኛ ፈተናው ምዝገባ ከታሰበው ጊዜ በእጅጉ ዘገየ። ሁሉም ተሟልቶ ፕሮፋይሌን ካስገባሁ ብዙም ሳይቆይ ግን የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም ዝርዝሩ ተከለሰ። የሲቪልና የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ባሉበት ሲቀጥሉ የሶፍትዌር ሙያዎች በሙሉ ወጡ፤ ከኮምፒውተር ሙያ የተረፈው የሳይበር ደኅንነት ባለሙያ ብቻ ነው። በዚያው ሰሞን፣ መጋቢት 16 ቀን፣ ለሥራ ቅጥር ውል ይሰጥ የነበረው ተጨማሪ ነጥብም ተነሣ።

አሁን የምጠይቃችሁ፣ ዝርዝሩ ተመልሶ እስኪለወጥ ድረስ ፕሮፋይሌን እያደስሁ መጠበቁ ትርጉም አለው ወይ የሚለውን ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በመሥሪያ ቤታችን የሰርቨሮቹን ደኅንነት የምከታተለው እኔ በመሆኔ የሙያ ኮዴን (ካናዳ ለእያንዳንዱ ሙያ የምትሰጠውን መለያ ቁጥር) ወደ ሳይበር ደኅንነት ብለውጠው ችግር እንደሌለው ይመክረኛል፤ ሌላው ደግሞ ካናዳን ትቼ ወደ አውስትራሊያ ፊቴን እንዳዞር ይገፋፋኛል። ለኤጀንት ከፍዬ ለመጨረስ አቅሙም ፍላጎቱም የለኝም። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ምን ትላላችሁ?

ሲስተር ጣና (ኤድመንተን)

አባይማዶ ወንድሜ፣ ከጥያቄዎ ውስጥ ዓይኔ ያረፈው ስለ ባለቤትዎ በጥቂት ቃላት ባለፉት ላይ ነው። ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ግን ስለ ዝርዝሩ አንድ ነገር ላንሣ፤ ሙያዎ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩና በዚያ ዝርዝር ሰው መጋበዙ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እርስዎ የሚያዝኑለት የቴክኖሎጂ ዘርፍ በያዝነው በፈረንጆቹ 2025 እስካሁን አንድም የግብዣ ዙር አልወጣለትም። ስለዚህ የየካቲቱ ለውጥ ባይመጣ ኖሮም ዛሬም እዚያው ፑል ውስጥ፣ ማለትም ግብዣ ከሚጠባበቁት መካከል፣ ነበሩ። ዘርፍ ሳይለይ ሁሉንም የሚያወዳድረው አጠቃላይ ዙርም በዚህ ዓመት ስላልወጣ፣ ከካናዳ ውጭ ሆኖ የሚያመለክት ሰው የቀረው መንገድ በዘርፍ መጋበዝ ወይም በአንድ ክፍለ ሀገር መታጨት ነው። ክፍለ ሀገር ያጨው ሰው 600 ነጥብ ስለሚጨመርለት ጉዳዩ ያልቅለታል፤ ዕድሉ ግን ጠባብ ነው።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ልምጣ። በዚያው በየካቲቱ ለውጥ የጤናው ዘርፍ ማኅበራዊ አገልግሎትን ጨምሮ ሰፍቷል፤ ነርስነትም በውስጡ አለ። በዘርፉ ለመካተት በፈረንጆቹ 2025 የሚጠየቀው ባለፉት ሦስት ዓመታት ውስጥ በዚያ ሙያ ቢያንስ ስድስት ወር በሙሉ ጊዜ መሥራት ሲሆን፣ በመሠረታዊው የባለሙያዎች ፕሮግራም ለማለፍ ደግሞ አንድ ዓመት ያልተቋረጠ ልምድ ያስፈልጋል። ባለቤትዎ ሁለቱንም የሚያሟሉ ይመስለኛል። ከባልና ሚስት ማን ዋና አመልካች ይሁን የሚለውን የምትወስኑት እናንተው ናችሁ፤ እኛ አገር ባል ፎርሙን ስለሚሞላ ብቻ ዋና አመልካች የሚሆንበት ልማድ አለ፣ ለዚህ የሚያስገድድ ሕግ ግን የለም።

ይሁን እንጂ በባዶ ተስፋ እንዳልሞላዎ ስሌቱን ልንገርዎ። ባለቤትዎ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ከሦስት ዓመት ያላነሰ የሥራ ልምድና በእንግሊዝኛው ፈተና በአይኤልትስ በማዳመጥ 8፣ በቀሩት ሦስቱ 7 ቢኖራቸው፣ ለዕድሜ 100፣ ለትምህርት 112፣ ለቋንቋ 116፣ ትምህርትና ልምድ ከቋንቋ ጋር ተጣምረው ለሚያስገኙት 75፣ ከእርስዎ ትምህርትና ቋንቋ ደግሞ እስከ 28 ነጥብ ያገኛሉ፤ ድምሩ 431 ነው። የጤናው ዘርፍ መቁረጫ ነጥብ በዚህ ዓመት ከ510 ተነሥቶ እየወረደ ባለፈው ነሐሴ 13 በወጣው ዙር 470 ደርሷል። ማለትም በሩ ተከፍቷል፣ ለመግባት ግን ወደ 40 ነጥብ ይጎድላል። እርስዎ ዋና አመልካች ቢሆኑ በዕድሜ ምክንያት ከዚህ 10 ነጥብ ይቀንሳል፤ ለመወዳደሪያ የሚሆን ዘርፍም የለዎትም።

ክፍተቱን የሚሞላው ምንድን ነው ካሉኝ፣ አንደኛው ሁለተኛ ዲግሪ ነው፤ በትምህርት 14፣ በጥምረቱ 25፣ በድምሩ 39 ነጥብ ይጨምራል። ሆኖም ትምህርቱ እስኪያልቅ ዕድሜ ከ29 ካለፈ በየዓመቱ 5 ነጥብ መቀነስ ይጀምራል። ሁለተኛው ፈረንሳይኛ ነው። በማዳመጥ፣ በመናገር፣ በማንበብና በመጻፍ በአራቱም በካናዳ የቋንቋ መለኪያ ደረጃ 7 የደረሰ ሰው 62 ነጥብ ያህል ከመጨመሩም በላይ በፈረንሳይኛ ዘርፍ ለብቻው ይወዳደራል፤ በዚያ ዘርፍ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም መቁረጫው እስከ 379 ወርዶ ነበር፣ በነሐሴው ዙር ግን ተመልሶ ከ450 በላይ ወጥቷል። ፈረንሳይኛ ከባዶ ተነሥቶ እዚያ ደረጃ ለመድረስ፣ በተለይ አዳር እየገቡ፣ ከአንድ ዓመት በላይ የሚጠይቅ ከባድ ሥራ እንደሆነ አልደብቅዎትም። የምመክረው ግን ማንም ሚኒስትር ከሙያ ዝርዝር ጋር አብሮ ሊያወጣው የማይችል ስለሆነ ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ በነርስነት ተጋብዞ መምጣትና እዚህ በነርስነት መሥራት አንድ አይደሉም። የሥራ ፈቃዱን የሚሰጠው የየክፍለ ሀገሩ የነርሶች ተቆጣጣሪ አካል ሲሆን ከኪውቤክ በቀር በሁሉም ዘንድ ኤንክሌክስ የተባለውን የነርሶች የፈቃድ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ሆስፒታል ተቀጥሬ ወዲያው እሠራለሁ ብለው ተስፋ አድርገው የመጡ እህቶች ፈቃዱ እስኪወጣ በአረጋውያን መኖሪያ ቤቶች በረዳትነት ሲሠሩ አይቻለሁ። ይህን አስቀድመው አውቀው ቢመጡ መልካም ነው።

የዘጌ ልጅ

እኔ በበኩሌ ከሲስተር ጣና ጋር በከፊል አልስማማም። ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ዓመት ፈረንሳይኛ እየተማሩ የሌላ አገር ሚኒስትር ዝርዝር መጠበቅ ከባድ ነው። ጀርመን ከግንቦት 24 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለችው የዕድል ካርድ የሙያ ዝርዝር የለውም፤ ቢያንስ ሁለት ዓመት የፈጀና በአገሩ መንግሥት የታወቀ ሥልጠና ወይም ዲግሪ፣ በተጨማሪም የጀርመንኛ ኤ1 ወይም የእንግሊዝኛ ቢ2 ደረጃ ካለ ስድስት ነጥብ ማሟላት በቂ ነው። ካርዱ ለአንድ ዓመት ሥራ መፈለጊያ ይሰጣል። ለዓመቱ መኖሪያ በፈረንጆቹ 2025 በወር 1,091 ዩሮ ታስቦ፣ ለምሳሌ በዝግ ሒሳብ (በየወሩ የተወሰነው ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ) ተቀምጦ፣ ማሳየት ያስፈልጋል።

አውስትራሊያን በተመለከተ ያው የዝርዝር ጣጣ እዚያም አለ። በ2017 በፈረንጆቹ በአንድ ቀን ከ200 በላይ ሙያዎች ከዝርዝር ወጥተዋል፤ ባለፈው ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም ደግሞ ለአሠሪ ስፖንሰር ቪዛ አዲስ ዝርዝር ተተክቷል። በነጥብ በሚሰጠው ቪዛ ወሳኙ ግብዣው በደረሰ ቀን ሙያው በዝርዝሩ መኖሩ ነው፤ ግምገማ ያስጨረሱበት ወይም ፍላጎትዎን ያስመዘገቡበት ቀን ምንም ዋስትና አይሰጥም። ዝቅተኛው ማለፊያ 65 ነጥብ ነው ቢባልም በዚያ ነጥብ የሚጋበዝ ሰው ብዙም የለም።

ሲስተር ጣና (ኤድመንተን)

የዘጌ ልጅ ስለ ጀርመን ያሉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን የዕድል ካርዱ ቤተሰብ ይዞ ለመሄድ የታሰበ አይደለም። ትንሽ ልጅ ላለው ሰው ይህ ቀላል ልዩነት አይመስለኝም። የካናዳው ቋሚ ነዋሪነት ሦስቱንም በአንድ ፋይል ያስገባል።

አስተርጓሚው (ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ)

ስለ ነጥቡ ሌሎች ተናግረዋል፤ እኔ ዕለት በዕለት በእጄ ስለሚያልፈው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ልጨምር። ዝርዝሩ ቢለወጥም ባይለወጥም ፋይልን የሚጥለው ብዙ ጊዜ ይህ ወረቀት ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችን የሚሰጠው ደብዳቤ በሙሉ ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት ነው፦ «ወይዘሮ እገሊት ከጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም ጀምሮ በነርስነት የሥራ መደብ፣ በወር ይህን ያህል ብር ደመወዝ እየተከፈላቸው በማገልገል ላይ የሚገኙ ሲሆን፣ የሥራ ግብርም በወቅቱ የተከፈለ መሆኑን እየገለጽን ይህን የሥራ ልምድ ማስረጃ በጠየቁት መሠረት ሰጥተናል።» ከዚያ ክብ ማኅተምና ፊርማ። ለአገር ውስጥ ቅጥር ይህ ይበቃል፤ ለካናዳ ግን አይበቃም። የሥራው ዋና ዋና ተግባራት፣ በሳምንት የሚሠራው ሰዓት፣ ደመወዙና ጥቅማ ጥቅሙ፣ የፈራሚው ስም፣ የሥራ ኃላፊነትና አድራሻ በደብዳቤው ውስጥ ይፈለጋሉ። የሰው ሀብት ክፍሉ «ከተለመደው ቅጽ ውጭ አንጽፍም» ቢል፣ የሥራ መደቡን ዝርዝር ተግባር በአባሪነት አያይዞ ማኅተም እንዲያደርግበት መጠየቅ ይቻላል፤ ይህን እምብዛም አይከለክሉም።

ሌላው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ጥቅምት 2010 በፈረንጆቹ ጥቅምት 2017 ሲሆን የካቲት 2010 ግን 2018 ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ያለው ጊዜ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት ነው። አንዳንድ ትርጉም ቤት ሁሉንም በስምንት ደምሮ ያወጣዋል። ይህ ሲሆን የጥቅምቱ ቅጥር አንድ ዓመት ዘግይቶ ይታያል፣ ከዲፕሎማው ወይም ከደመወዝ ወረቀቱ ጋርም ይጋጫል። ገምጋሚው ይህን ሲያይ የሒሳብ ስህተት ነው ብሎ አያልፈውም። ስለዚህ የተተረጎመውን ከመቀበልዎ በፊት እያንዳንዱን ቀን ራስዎ ቆጥረው ያረጋግጡ።

የዲግሪ ግምገማውም የራሱ ወረፋ አለው። ሬጅስትራሩ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን አሽጎ በቀጥታ ለገምጋሚው ድርጅት የሚልከው የወጪ መጋራት ክሊራንስ ሲቀርብለት ነው፤ ክፍያቸውን በገንዘብ ሳይሆን በአገልግሎት የሚመልሱ ምሩቃን ደግሞ የአገልግሎት ዘመናቸው መጠናቀቁን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤታቸው ማውጣት አለባቸው። የግምገማው ውጤት ለአምስት ዓመት ስለሚያገለግል ቀድሞ ማስጨረሱ ኪሳራ የለውም። የእንግሊዝኛው ፈተና ግን ሁለት ዓመት ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ እሱን ለኋላ ማቆየት ይሻላል።

ሽምብጥ

ኤጀንት አልፈልግም ማለትዎ ደግ አድርገዋል። የአክስቴ ልጅ ወደ እንግሊዝ በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ እንደሚልካት ለነገራት ደላላ ከዘመድ አዝማድ የተሰበሰበ ገንዘብ ከፍላ ነበር። ሙያው በእንግሊዝ የተፈቀደው በፈረንጆቹ የካቲት 2022 ሲሆን፣ ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ቤተሰብ ይዞ መግባት ተከለከለ፤ ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም ደግሞ ከውጭ አገር አዲስ ሠራተኛ ማስገባቱ ጨርሶ ተዘጋ። ደላላው እስከ ሐምሌ አጋማሽ ድረስ «ወረቀቱ በሒደት ላይ ነው» ይል ነበር፤ አሁን ስልኩን አያነሣም። በእንግሊዝ ሕግ የቀድሞው ደንብ የሚያገለግለው ከዚያ ቀን በፊት የአሠሪው የስፖንሰርነት ሰርተፊኬት ለወጣለት ሰው ነው፤ እሷ ደግሞ የሰርተፊኬቱን ቁጥር አይታው አታውቅም። በማንኛውም አገር ዝርዝር ተስፋ የተሰጠው ሰው በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ ደንቡ ቢለወጥ እኔን ከለውጡ የሚጠብቀኝ ወረቀት የትኛው ነው፣ እሱስ በእጄ አለ ወይ የሚለውን ነው።

አባይማዶ (ባሕር ዳር)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሲስተር ጣናን ስሌት ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን አየነው። እሷ እስካሁን አይኤልትስ አልተፈተነችም፤ ፈረንሳይኛውን ለመጀመር ግን ከእኔ ይልቅ የጓጓችው እሷ ናት። ሦስት ነገሮች ብቻ ይብራሩልኝ፤ የሳይበር ደኅንነቱን ኮድ ጉዳይ ማንም በቀጥታ አልመለሰልኝም፤ እሷ አዲስ ፕሮፋይል ስትከፍት የእኔን መዝጋት አለብኝ ወይ? ደግሞስ ከአሁኑ መያዝ ያለበት ገንዘብ ምን ያህል ነው?

ሲስተር ጣና (ኤድመንተን)

ኮዱን በተመለከተ፣ ካናዳ የምታየው የሥራ መጠሪያውን ሳይሆን የተሠራውን ሥራ ነው። የመረጡት ኮድ መግቢያ ላይ ያለውን አጠቃላይ መግለጫና ከተዘረዘሩት ዋና ተግባራት አብዛኛውን መሥራትዎን ደብዳቤው ማሳየት አለበት። ቀኑን ሙሉ ፕሮግራም ሲጽፉ ውለው አልፎ አልፎ የሰርቨር ዝማኔ መከታተል የሳይበር ደኅንነት ባለሙያ አያደርግዎትም። አሠሪዎ እንዲህ ብሎ ቢጽፍልዎት እንኳ የተሳሳተ መረጃ አቅርበዋል ተብሎ ከተወሰነ አምስት ዓመት ከማመልከት ይታገዳሉ፤ የባለቤትዎ ፋይልም አብሮ ይጎዳል። ሥራዎን በእውነት ለውጠው በደኅንነት ክፍል በሙሉ ጊዜ መሥራት ከጀመሩና ስድስት ወር ከሞላዎት ግን ኮዱ ሕጋዊ መብትዎ ነው። ያም ሆኖ ቅድም እንዳልኩት ለዘርፉ ዙር ሲወጣ አላየንም፤ ለዚህ ሲሉ ሥራ መቀየሩ ያዋጣል ብዬ አላምንም።

ፕሮፋይልዎን መዝጋት አይጠበቅብዎትም። ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው ዋና አመልካች ሆነው በየራሳቸው ፕሮፋይል መመዝገብና አንዱ ሌላውን በትዳር አጋርነት ማስገባት ይችላሉ፤ ቀድሞ የተጋበዘው ፋይል ይሄዳል። በሁለቱ ውስጥ የሚጻፉት ቀኖች፣ የልጁ ስምና የአባት ስም አጻጻፍ አንድ መሆናቸውን ግን ፓስፖርቶቹን ከፊት ዘርግታችሁ አመሳክሩ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ለሦስት ሰው ቤተሰብ በዚህ በፈረንጆቹ 2025 የሚጠየቀው ከ23 ሺህ የካናዳ ዶላር በላይ ነው፤ በዛሬው ምንዛሪ ወደ 2 ነጥብ 3 ሚሊዮን ብር ይጠጋል። መጠኑ በየዓመቱ ስለሚከለስና ብሩም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ የት እንደደረሰ ስለምታውቁት ከዚህ ከፍ አድርጋችሁ አስቡ። የብድር ገንዘብ አይቆጠርም፤ ከዘመድ የተሰጠ ከሆነ ስጦታ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ይኑረው፣ በሒሳባችሁም ውስጥ ይቆይ፤ የባንኩ ማስረጃ የስድስት ወሩን አማካይ ቀሪ ሒሳብ ያሳያልና። ከግብዣው በኋላ ለማመልከት የሚሰጠው 60 ቀን ብቻ ነው፤ ከዚህ ከነሐሴ 15 ጀምሮ ደግሞ የጤና ምርመራው ከማመልከቻው በፊት እንዲጠናቀቅ ተደንግጓል። ምርመራውም አሻራውም አዲስ አበባ ስለሆነ፣ የሁለታችሁን የሥራ ልምድ ደብዳቤና የባንክ ማስረጃ ግብዣው ሳይመጣ አስጨርሱ። እሷ አሁኑኑ የምትጀምረው የሬጅስትራሩን ወረቀት ነው፤ የአይኤልትስ ቀጠሮውን ፈረንሳይኛው ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ትያዝ።